ፋይበር ኬብልን ቤት ውስጥ መዘርጋት፦ ከአጥር እስከ ሳሎን

ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል የተነሳ ብርሃን ኢንተርኔት በሚያደርሰው የመስታወት ክር፣ በፋይበር ውስጥ 4 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደንበኛው አጥር ሲደርስ፣ በርቀቱ ምክንያት የሚያጣው ኃይል ከ1.5 ዴሲቤል እምብዛም አይበልጥም። ያው ብርሃን ቤት ከገባ በኋላ ግን ጥግ ላይ ተጨምቆ የታጠፈ ኬብል ወይም አቧራ የያዘ አንድ ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ከዚያ ሁሉ መንገድ የበለጠ ያጠፋበታል። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት «ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል» ተብዬ ስጠራ፣ ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት ምሰሶው ላይ ሳይሆን ከበሩ ወዲህ ባሉት 15 ወይም 20 ሜትሮች ውስጥ ነው። ይህ መመሪያ ስለ እነዚያ ሜትሮች ነው። የጻፍኩት ሥራውን ለጀመሩ ወጣት ባለሙያዎች ነው። ፋይበር ሊገባላቸው ቀጠሮ የያዙ ሰዎችም ቢያነቡት፣ ቤታቸው የሚመጣው ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቁበታል።

የያዙትን ነገር ይወቁ

ለቤት ውስጥ የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ኬብል ስፋቱ 3፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ልባሱ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ማጠንከሪያ ዘንጎች አሉ፤ በመካከላቸው ፋይበሩ ይገኛል። ዘንጎቹ ከብረት ሽቦ ወይም ከመስታወት ጭረት የተሠሩ ናቸው። ፋይበሩ ከነሽፋኑ 250 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል፤ ሽፋኑ ሲገፈፍ 125 ይሆናል። ብርሃኑ የሚያልፈው ግን 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆነችው በመሀሏ መንገድ ብቻ ነው። ዓይን የማያየው የአቧራ ቅንጣት ይህችን መንገድ ሊዘጋት ይችላል። ስለ ንጽሕና ከዚህ በታች ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

ልባሱ ላይ የታተመውን የፋይበር ዓይነት ያንብቡ። ጂ 652 ዲ የሚል ከሆነ ከ30 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። ጂ 657 ኤ 1 እስከ 10፣ ጂ 657 ኤ 2 ደግሞ እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ይችላል። ለቤት ውስጥ የሚመረጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የቤት ጥጎች ብዙ ናቸውና። እኔ ግን ኬብሉ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ከቡና ስኒ አፍ ያነሰ ክብ አልሠራበትም። የስኒ አፍ ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ራዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር ነውና ለጂ 652 ዲ እንኳ ይበቃዋል። ቁጥሩን የረሳ ሰው ስኒውን አይረሳም።

ስለ ብርሃኑ ኃይልም ጥቂት ቁጥሮች መያዝ ያስፈልጋል። የ3 ዴሲቤል መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ያሳንሰዋል፤ የ10 ዴሲቤል መቀነስ ደግሞ ከአሥር እጁ አንዱን ብቻ ያስቀራል። አንዱን ፋይበር ለብዙ ደንበኞች በሚያካፍለው፣ ጂፖን በሚባለው አሠራር ከማዕከል የሚወጣው ብርሃን 3 ዲ ቢ ኤም ነው እንበል፤ ዲ ቢ ኤም ኃይሉ ከአንድ ሚሊ ዋት በስንት ዴሲቤል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይናገራል። ለ64 ደንበኞች እንዲዳረስ በየማከፋፈያው ሲከፈል 21 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ርቀቱና መገጣጠሚያዎቹ ሁለት ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ ደንበኛው ጋ የሚደርሰው −20 ዲ ቢ ኤም ገደማ ነው። ይህ የአንድ ሚሊ ዋት አንድ መቶኛ ነው። የተለመደው የቤት ሞደም እስከ −27 ድረስ እንዲያነብ ተደርጎ ይሠራል፤ እኔ ግን ከ−25 የባሰ ንባብ ያለበትን ቤት አስረክቤ አልወጣም። ኮኔክተር በጊዜ ብዛት አቧራ ይይዛል፤ መስመሩ ተቆርጦ በተጠገነ ቁጥርም አንድ መገጣጠሚያ ይጨመርበታል። ለዚያ የሚሆን ትርፍ ዛሬ ካልተቀመጠ ነገ ከየትም አይመጣም።

ሳይለኩ አይጀምሩ

የቤቱን በር ከማንኳኳትዎ በፊት ምሰሶው ወይም ደረጃው ላይ ያለውን ማከፋፈያ ሳጥን ይክፈቱና ለደንበኛው የተመደበውን መውጫ የብርሃን ኃይል በሚለካው መሣሪያ፣ በፓወር ሜትር ይለኩ። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1490 ናኖ ሜትር ስለሆነ ሜትሩን በዚያ ላይ ያድርጉት። ያገኙትን ቁጥር ይጻፉ።

ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሳጥኑ ላይ −19.5 አንብበው ሥራው ሲያልቅ ቤት ውስጥ −20.1 ካገኙ፣ ቤት ውስጥ የጠፋው 0.6 ብቻ ነው፤ ሥራዎ ደህና ነው። ቤት ውስጥ −23 ካገኙ ደግሞ ሞደሙ ቢበራም ከእጅዎ የወጣ ጥፋት አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ያልለካ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሞደሙ አረንጓዴ ስላበራ ብቻ «ተሳክቷል» ብሎ ይሄዳል፤ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ጥፋቱን ሲፈልግ ይውላል። ከሳጥኑ እስከ ሞደሙ ያለው ልዩነት ከ1 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ለራስዎ ደንብ ያድርጉ።

ዓይንዎን ወደ ፋይበር ጫፍ ወይም ወደ ኮኔክተር አያስጠጉ። ብርሃኑ በዓይን አይታይምና «አልበራም» ብለው በማየት የሚያረጋግጡት ነገር የለም። መኖር አለመኖሩን የሚነግርዎት ሜትሩ ነው።

ስለ መሣሪያ ረጅም ዝርዝር አልሰጥም፤ ድሪል፣ መሰላል፣ የልባስ መግፈፊያ፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ የፋይበር መግፈፊያ፣ ጥሩ መቁረጫ፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጭረት የማይለቅ መጥረጊያ፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ መፈተሻና ካለ የፋይበር ብየዳ ማሽን ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ጋር ክዳን ያለው ጠርሙስ ይያዙ። የጠርሙሱን ጥቅም ኋላ እመለስበታለሁ።

ከቤቱ ሰው ጋር መንገዱን ይምረጡ

አንድ ጊዜ ጉለሌ አካባቢ አንድ የቆየ የጭቃ ቤት ውስጥ ፋይበር ላስገባ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ኢንተርኔቱን ያስገቡት ውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር እየተያዩ ለመነጋገር ነው። ድሪሉን ከቦርሳ ሳወጣ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ግድግዳዬን እንዳታፈርስብኝ። ቤቱ ከእኔ ጋር ያረጀ ነው።»

«አያስቡ እማማ፤ የምበሳው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም እርስዎ በሚሉኝ ቦታ።»

በመስኮቱ ሥር በግድግዳው ግርጌ ላሳልፈው አስቤ ነበር፤ አጭሩ መንገድ ያ ነው። ቦታውን ባሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያ በኩል ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይገባል፤ ቡፌውን ሳይቀር እናነሳዋለን» አሉኝ። ጊዜው ግንቦት ነበርና ግድግዳው ደረቅ ነው፤ እኔ በዓይኔ ላውቀው የምችለው ነገር አልነበረም። መንገዱን በበሩ መቃን ላይ አደረግሁት፤ ስድስት ሜትር ኬብል ተጨመረ። ቤቱን የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነው። ስለዚህ ድሪሉን ከማውጣትዎ በፊት ከባለቤቱ ጋር ቤቱን አንድ ዙር ይዙሩና ይጠይቁ፦ ውሃ የሚገባው በየት ነው? ለበዓል የሚነሳው ዕቃ የትኛው ነው? ልጆች የሚጫወቱት የት ነው? ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ አለ? የመብራት መስመሩ በየት በኩል ያልፋል? ዝም ብሎ ከመብሳት አሥር ደቂቃ መነጋገር ይሻላል።

ሞደሙ የሚቀመጥበት ቦታ ከኬብሉ መንገድ በፊት ይወሰን። ብዙ ሰው «ከቴሌቪዥኑ ሥር ቡፌ ውስጥ ይደበቅልኝ» ይላል። ይህን ጥያቄ በትሕትና ይመልሱት። ዋይፋይ ቡፌ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ኋላ ወይም ከብረት በር ጎን ሲቀመጥ ይታፈናል። ቢቻል ለቤቱ መሀል በቀረበ ቦታ፣ ከወለል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ሶኬት ባለበትና አየር በሚያገኝበት ይሁን። ማዕድ ቤት አይሁን፤ የወጥ እንፋሎትና ጭስ አይስማማውም። ዕጣን የሚጨስበት የቡና ቦታ አጠገብም አይደለም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ከሆነና ላይኛው ክፍል ዋይፋይ የማይደርሰው ከሆነ፣ ፋይበሩን ወደ ላይ ለመጎተት አይቸኩሉ። ሞደሙን ታች አድርገው ከእሱ ተራ የኔትወርክ ኬብል ወደ ላይ ይሳቡና ሁለተኛ የዋይፋይ መሣሪያ ይትከሉ። ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ከጥግና ከመታጠፍም እንደ ፋይበር አይፈራም።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ከምሰሶ የሚመጣው ኬብል ራሱን የሚሸከምበት ሦስተኛ የብረት ሽቦ አለው። ይህ ሽቦ የኬብሉን ክብደት ከምሰሶ እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ይሸከማል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። ግድግዳው ላይ መንጠቆ ይምቱ፣ ሽቦውን በመወጠሪያው ይሰሩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሽቦ ከጠፍጣፋው ኬብል ላይ ገፈው ይቁረጡት። የብረቱን ሽቦ ቤት ውስጥ አያስገቡ። በብዙ ሰፈር የመብራትና የኢንተርኔት ኬብሎች አንድ ምሰሶ ይጋራሉ፤ አንድ ቀን የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ያን ብረት ቢነካ፣ ወይም መብረቅ ቢወርድ፣ ኤሌክትሪኩን ሳሎን ድረስ የሚያመጣው እሱ ነው።

ቀዳዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ ጥቂት ዘንበል አድርገው ይብሱ። ውጭው ከውስጡ ዝቅ ሲል የዝናብ ውሃ ወደ ቤት አይሄድም። ኬብሉም ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይመለስ፤ በኬብሉ ላይ የሚፈስሰው ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ግድግዳው አይከተለውም። ለጠፍጣፋው ኬብል ብቻ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበቃል። ኮኔክተሩ ፋብሪካ ላይ የተገጠመለት ኬብል ከሆነ ግን ኮኔክተሩ ሳይጨመቅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር ላይ አይብሱ፤ የመብራት ሽቦ በዚያ የማለፍ ልማድ አለው። ጥርጣሬ ካለ ቆጣሪው ጋ ሄደው መብራቱን ያጥፉና ድሪሉን ከሌላ መስመር ያሠሩ።

የግድግዳው ዓይነት አሠራሩን ይለውጠዋል። የኮንዶሚኒየምና የአብዛኛው አዲስ ቤት ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ፑንታው የመጀመሪያውን ገጽ ሲያልፍ ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛውን ገጽ ይነካል። ኬብሉን በዚህ ቀዳዳ እንዲሁ ቢያስገቡት ባዶው ውስጥ ገብቶ ይጣመማል። መጀመሪያ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ያሳልፉ፤ ኬብሉን በቱቦው ውስጥ ይላኩት። የጭቃ ቤት ከሆነ የድሪሉን ምት አጥፍተው በዝግታ ብቻ ያዙሩት፤ ምቱ ልስኑን ከዚያኛው ወገን በሰፊው ያራግፈዋል። የጭቃ ግድግዳ የኬብል ሚስማርም አይዝም፤ ሚስማሩን በበር መቃኑ፣ በመስኮቱ እንጨት ወይም ጭቃው ውስጥ ባለው ማገር ላይ ይምቱ። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ ድንጋዩን ከመታገል በመስኮቱ ክፈፍ ጠርዝ ማሳለፍ ይሻላል። በመጨረሻም ቀዳዳውን ከውጭ በሲሊኮን ይድፈኑት፤ ጉንዳንና ውሃ የሚገቡት በዚያ ነው።

በቤቱ ውስጥ መጓዝ

ኬብሉን ከጥቅሉ ሲያወጡ ጥቅሉን እያሽከረከሩ ይፍቱት። ጥቅሉን መሬት ላይ አጋድመው ከጎኑ የሚስቡት ከሆነ በየዙሩ ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘው ሲወጠር ቋጠሮ ይሆናል፤ ቋጠሮው ደግሞ ፋይበሩን ይሰብራል። ረጅም ከሆነ ወለል ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ያኑሩት፤ እንዲህ ሲሆን ሳይጠማዘዝ ይፈታል።

ግድግዳው ውስጥ ባዶ ቱቦ ካለ መሳቢያ ሽቦ ይላኩና ኬብሉን በማጠንከሪያ ዘንጎቹ በኩል ይሰሩት፤ በመስታወቱ አይጎትቱት። ሁለት ሰው ይሥራው፤ አንዱ ይግፋ፣ አንዱ ይሳብ። ከጠነከረ ያቁሙ። እልህ የያዘው እጅ 2 ሚሊ ሜትር ኬብል ይበጥሳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሳይበጠስ ውስጡ ሲሰነጠቅና ዛሬ ሠርቶ ነገ ሲያቆም ነው። የመብራት ሽቦ ያለበትን ቱቦ ለፋይበር አይጠቀሙ፤ ቦታ ቢኖረውም። ፋይበሩ በኤሌክትሪክ አይረበሽም፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው ብረት ሊሆን ይችላል፤ የመብራት ሠራተኛው ደግሞ አንድ ቀን ሽቦውን ሊስብ ሲመጣ የእርስዎን ኬብል አብሮ ይስበዋል።

ቱቦ ከሌለ በግድግዳው ግርጌ ወይም በኮርኒሱ ጠርዝ በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ይሂድ። ኮርኒስ ውስጥ ማስገባት ያምራል፤ ግን አይጥ ካለ ልባሱን ትበላዋለች። እንዲህ ባለ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ጠንካራ ቱቦ ያልብሱት። ቆርቆሮው ሥር ቀን ቀን ሙቀቱ ከባድ ስለሆነም ኬብሉን ከቆርቆሮው አያስነኩት፤ በወራጅ እንጨቱ ላይ ይሰሩት።

የኬብል ሚስማር ሲመቱ ቅንፉ ኬብሉን ይያዘው እንጂ አይጫነው። ካሰሩ በኋላ ኬብሉን በጣት ይሳቡት፤ በቅንፉ ውስጥ ሊንሸራተት ይገባል። የማይንሸራተት ከሆነ ታንቋል። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይበቃል። ጥግ ላይ ከመድረስዎ 5 ሴንቲ ሜትር ቀደም ብለው አንድ፣ ካለፉ በኋላ አንድ ይምቱና መሀሉን ለስኒው ክብ ነፃ ይተዉት። ጥጉን ቀጥ አድርጎ ለማሳመር ኬብሉን በአውራ ጣት መጫን የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ ዓይን ያስደስታል፣ ብርሃኑን ግን ያፈስሰዋል።

ከምንጣፍ ሥር አያሳልፉ። እኔ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ደንበኛው አጥብቆ ስለለመነኝ አንድ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ጨርሼ ስወጣ ንባቡ ያማረ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀይ መብራት በራ ተብዬ ተጠራሁ። ምንጣፉን ስገልጠው ሶፋው አንድ ክንድ ያህል ተገፍቶ እግሩ ኬብሉ ላይ ቆሟል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢለምነኝ እግር በሚረግጠውና ዕቃ በሚጫነው ቦታ ኬብል አላሳልፍም። ይልቁን በበሩ ዙሪያ ተጨማሪ ሜትሮችን እከፍላለሁ።

ጫፉን ማዘጋጀት

ኬብሉ ሞደሙ ላይ በቀጥታ አይሰካ። ከሞደሙ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትንሽ የፋይበር ሳጥን ይትከሉ። እዚያ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ትርፍ በስኒው መጠን ጠቅልለው ይተዉ፤ ከሳጥኑ ወደ ሞደሙ ለብቻው ለስላሳ ገመድ ይሂድ። ይህ ገመድ ቢጎዳ በደቂቃ ይቀየራል። ዋናው ኬብል ከተጎዳ ግን ሥራው እንደገና ከአጥር ይጀምራል።

ጫፉን በሁለት መንገድ መጨረስ ይቻላል። አንደኛው ፋይበሩን በማሽን ፋብሪካ ላይ ከተሠራ ኮኔክተር ጋር መበየድ ነው፤ በአግባቡ የተበየደ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 0.02 ወይም 0.03 ብቻ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚገጠመው ፈጣን ኮኔክተር ነው፤ ከ0.3 እስከ 0.5 ይወስዳል፤ ሲያረጅም ይበላሻል። ማሽን ካለ ይበይዱ። ፈጣኑን የሚያዘወትሩት ማሽን የሌላቸው ወይም የቸኮሉ ናቸው፤ ማሽን የሌለው ግን በጥንቃቄ ከሠራው ዓመታት የሚያገለግል ሥራ ይሠራል። ስለዚህ እሱን በዝርዝር ልናገር።

መጀመሪያ የኮኔክተሩን የኋላ ክዳን ኬብሉ ላይ ያስገቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ሁሉን ከጨረሰ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ቀጥሎ ልባሱን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግፈፉና ዘንጎቹን ይቁረጡ። አሁን በእጅዎ ያለው የፀጉር ያህል ክር ነው። መግፈፊያውን ፋይበሩ ላይ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይያዙና አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ይሳቡ። ሽፋኑ እንደ ደቃቅ ዱቄት ይራገፋል። መጥረጊያውን በአልኮል ነክረው ፋይበሩን ከሥሩ ወደ ጫፉ ይጥረጉ፤ ሲጸዳ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ ሳይሰሙ አይቀጥሉ። ከጸዳ በኋላ በጣት አይንኩት፤ መሬትም አያስነኩት። ወዲያው ወደ መቁረጫው ያስገቡትና ኮኔክተሩ ጋር በመጣው መለኪያ ልክ ይቁረጡት። መቁረጫው መስታወቱን ጭሮ ይሰብረዋል፤ ጫፉ ቀጥ ያለና ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ነው። በመቀስ ወይም በፒንሳ የተቆረጠ ፋይበር ለምንም አይሆንም።

ከዚያ ፋይበሩን ቀስ አድርገው ወደ ኮኔክተሩ ይግፉት። ውስጥ ካለው ፋይበር ጋር ሲገናኝ በጣትዎ መቆሙ ይሰማዎታል፤ ጥቂት ሲጨምሩ ከኋላ በኩል ቀስ ብሎ ይጎብጣል። ያ ጉብጠት ጫፍ ለጫፍ መገናኘታቸውን ይነግርዎታል። ያቺን ጉብጠት ሳይለቁ ይቆልፉትና ክዳኑን ያጥብቁ። ንባቡ መጥፎ ከሆነ አንድ ጊዜ አውጥተው እንደገና ቆርጠው ይሞክሩ። ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ኮኔክተሩን ይጣሉት፤ ውስጡ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ፈሳሽ ተበክሏል።

አሁን ስለ ጠርሙሱ። የተቆረጠው የፋይበር ስብርባሪ ሁሉ በውስጡ ይግባና ክዳኑ ይዘጋ። ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ለማውጣትም ለማየትም ያስቸግራል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሕፃናት ይድሃሉ፤ እንግዳ ጫማ አውልቆ ይገባል፤ ለቡና ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቄጠማው ውስጥ የወደቀ ፋይበር መቼም አይገኝም። ሥራውን ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው በላዩ ይሥሩ፤ ሲጨርሱ ጨርቁን ወለሉ ላይ አያራግፉት፤ ስብርባሪውን በፕላስተር ለቅመው ወደ ጠርሙሱ ይጨምሩት። እጅዎን ሳይታጠቡ የቀረበልዎትን ቡና አይጠጡ፤ ዓይንዎንም አይሹ።

ማገናኘትና እንደገና መለካት

በቤት ፋይበር የተለመደው ኮኔክተር አረንጓዴው ነው። ጫፉ 8 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተሠራ ስለሆነ የሚመለሰውን ብርሃን ያስወግዳል። ሰማያዊው ጫፉ ያልዘነበለ ነው። አረንጓዴውን ከሰማያዊ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ይገባልም፤ ግን ጫፎቹ አይነካኩም፤ ብርሃኑ ይባክናል፤ ጫፎቹም ሊቧጨሩ ይችላሉ። አረንጓዴ ከአረንጓዴ ብቻ ያገናኙ። ከመሰካትዎ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ያጽዱ፤ አሁን ከከረጢቱ የወጣ አዲስ ቢሆንም። ክዳኑ የተከፈተ ኮኔክተር ጠረጴዛ ላይ አይኑር።

ሞደሙን ከመሰካትዎ በፊት ለስላሳው ገመድ ጫፍ ላይ ይለኩና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ1 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ኮኔክተሮቹን ያጽዱ፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ይስተካከላል። ካልሆነ ቀይ ብርሃኑን ከሳጥኑ በኩል ይላኩና ክፍሉን አጨልመው በኬብሉ ላይ ይከተሉት። የተሰበረው ወይም የታነቀው ቦታ በነጭ ልባስ ላይ በቀይ ይፈካል። ቀይ ብርሃኑን ከመላክዎ በፊት መስመሩን ከማከፋፈያው መለየትዎን ያረጋግጡ፤ እሱንም በቀጥታ አይዩት።

ሁለቱን ቁጥሮችና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በግድግዳው ሳጥን ክዳን ውስጥ ይለጥፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ያን ወረቀት ሲያገኝ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል።

አሁን ሞደሙን ይሰኩና ያብሩት። እዚህ አገር የሚበዙት የሁዋዌና የዜድ ቲ ኢ ሞደሞች ናቸው። ፖን የሚለው መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማዕከሉ ሞደሙን ሲያውቀው ጸንቶ ይበራል። ሎስ የሚለው ቀይ መብራት መጥፋት አለበት፤ ቀይ ከሆነ ብርሃን አልደረሰውም። ፖን ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ብርሃኑ አለ፤ የሞደሙ መለያ ቁጥር ማዕከል ላይ አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚስተካከለው በስልክ እንጂ በመፍቻ አይደለም። ሲበራ ስልክዎን ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ ሳይቀር። ቤተሰቡ ኢንተርኔት የሚፈልገው ሞደሙ አጠገብ ብቻ አይደለም።

የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ፋብሪካ ላይ ከታተመው ወደ ሌላ ይቀይሩና የቤቱ ሰው ራሱ እንዲመርጠው ያድርጉ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሞደሙ የሚሆን ትንሽ ባለ 12 ቮልት የመጠባበቂያ ባትሪ እንዲገዙ ይንገሯቸው። ማከፋፈያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ማዕከሉም የራሱ መጠባበቂያ ስላለው፣ ሰፈሩ ጨልሞ እያለ ሞደሙ ብቻ ቢበራ ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል።

ሲያስረክቡ

ከመውጣትዎ በፊት ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሰው ይጥሩና ኬብሉ የሚያልፍበትን መንገድ ከአጥር እስከ ሳሎን በጣትዎ እያሳዩ ያስከትሉት። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲደርሱ ቤት ይጸዳል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ቡፌና ሶፋ ይነሳል። በእኔ ልምድ ከበዓል ማግሥት የሚመጣው የጥሪ ብዛት ከሌላው ጊዜ አይመሳሰልም። «ቀለም ሲቀቡ ኬብሉን አይንቀሉት፤ በላዩ ቢቀባ ምንም አይሆንም። ሞደሙን ማንሳት ካስፈለገ የኤሌክትሪኩን መሰኪያ ነቅለው ከነገመዱ በቀስታ ያሳርፉት፤ አረንጓዴውን መሰኪያ ግን አይንቀሉት» ብለው ይንገሯቸው። አረንጓዴው ከተነቀለ አቧራ ይገባዋል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ጫፉን በልብሱ ጠርጎ መልሶ ይሰካዋል።

ቀይ መብራት ከበራ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ያሳዩዋቸው። ሞደሙን አጥፍተው ያብሩ፤ ለስላሳው ገመድ ታጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ ይዩ፤ ያ ካልሆነ አገልግሎት ሰጪያቸው ጋ ይደውሉና «ሎስ ቀይ ሆኗል» ይበሉ። «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት ይልቅ ይህ አንድ ቃል የሚመጣው ባለሙያ ፓወር ሜትሩን ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል። ጉለሌ ያሉት እናት ይህን ቃል በእስክሪብቶ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም የእኔን ስልክ ቁጥር ጨመሩበት።